ስልኩን ልመልስላት ወይስ ልጨክን?

ከአንዲት እናት የደረሰኝ ጥያቄ ነው፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«የምንኖረው ሀዋሳ ነው። ልጄ 15 ዓመቷ ነው፣ 9ኛ ክፍል ናት። ቀን ከሌት ቲክቶክ ላይ ነበረች፣ ውጤቷም ወረደ። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስልክ ከለከለች ሲባል ሰማሁና እኔም ስልኳን ወስጄ ቆለፍኩበት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። አሁን ከክፍሏ አትወጣም፣ ምግብ ትተዋለች፣ ሌሊት ትነቃለች፣ እኔን አታናግረኝም። ጎረቤቴ ሱስ ነው፣ እስኪወጣላት ጨክኚ ትለኛለች። አባቷ መልሺላት ይላል። ታላቅ እህቷ ቤሩት ናት፣ በልጅቷ ስልክ ነበር በየቀኑ የሚያወሩት። አሁን እሁድ እሁድ በእኔ ስልክ አገናኛቸዋለሁ፣ እሱንም እምቢ ማለት ጀምራለች። ልመልስላት ወይስ ልጨክን?»

ይመልሱላት። ግን እንደነበረው አይደለም፣ ሁሉንም በአንድ ቀንም አይደለም። አመላለሱን ኋላ እነግርዎታለሁ። ከስልኩ የሚቀድም ነገር ስላለ እሱን ላስቀድም፦ ሦስት ሳምንት ምግብ የምትተው፣ ሌሊት የምትነቃ፣ ከሰው የሸሸች ልጅ ጉዳይ የስልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስልኩ ተመለሰም አልተመለሰ፣ በዚህ ሳምንት ባለሙያ ይያት።

አሁን ስለ አውስትራሊያ። ወሬው ሀዋሳ እስኪደርስ መልኩን ቀይሯል። አውስትራሊያ ስልክ አልከለከለችም። ሕጉ የወጣው በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.። የሚያዘውም ኩባንያዎቹን ነው። ቲክቶክ፣ ኢንስታግራም፣ ፌስቡክ፣ ስናፕቻት፣ ዩቲዩብና መሰሎቻቸው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አካውንት እንዳይኖረው የማድረግ ግዴታ አለባቸው፣ ችላ ካሉ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይቀጣሉ። ልጁ አይቀጣም። ወላጁም አይቀጣም። ዩቲዩብን አካውንት ሳይከፍቱ ማየት ይቻላል። እንደ ዋትስአፕ ያሉ የመልእክት መላላኪያዎች ደግሞ ከነጭራሹ ክልከላው ውስጥ የሉም። ልብ ይበሉልኝ፣ እርስዎ የወሰዱት አውስትራሊያ ከወሰደችው በላይ ነው። እዚያ ያለች የ15 ዓመት ልጅ የቲክቶክ አካውንቷ ቢዘጋም ማታ ከእህቷ ጋር ታወራለች።

ክልከላ ለእኛም አዲስ አይደለም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበውብን እንደነበር አይረሱትም። ምክንያቱ የልጆች ጤና አልነበረም፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው። እኔ ከዚያ ጊዜ የማስታውሰው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የተዘጋውን የሚያሳልፈው መተግበሪያ፣ ቪፒኤን፣ ምን እንደሆነ የማያውቅ ታዳጊ በሳምንት ውስጥ ለአባቱ ስልክ ሁሉ ጭኖ መስጠት መጀመሩ። ስለዚህ የተቆለፈ ነገር ተቆልፎ ይቀራል ብለው አይተማመኑ፣ የጓደኛ ስልክም አለ። ሁለተኛው ይበልጣል፦ ያኔ የተዘጋው በሁሉም ላይ ስለነበር ማንም ብቻውን አልቀረም። የእርስዎ ልጅ ግን ብቻዋን ነው የተዘጋባት። የክፍሏ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ዛሬም ይንጫጫል። ትናንት ማታ የተሳቀበትን ነገር ዛሬ ጠዋት ክፍል ውስጥ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ለእኛ ለትልልቆቹ ይህ ቀልድ ይመስላል። በ15 ዓመት ግን ከጓደኛ መውጣት ከቤት የመባረር ያህል ያማል።

ደብዳቤዎ ውስጥ እኔን ያስቆመኝ ግን ወደ መጨረሻው ያለው ነው። የቤሩቷን እህት እንደ ዋዛ ነው የጠቀሷት። እኔ ብሆን ከእሷ ነበር የምጀምረው። ቲክቶክ ነው ያሉት ስልክ በየማታው እህቷን ወደ ክፍሏ የሚያመጣላት ዕቃም ነበር። እርስዎ ቲክቶክን ሊወስዱ ሄደው እህቷንም ይዘው ወጡ። ሳያስቡት ነው፣ ይገባኛል። እሁድ እሁድ በእናት ስልክ፣ እናት አጠገብ ተቀምጣ፣ «ደህና ነሽ? በላሽ? ተማሪ እሺ» የሚባልበት ጥሪ ደግሞ የሁለት እህትማማቾች ጨዋታ አይደለም፣ እምቢ ማለቷ አይገርመኝም። አንድ ነገር ራስዎን ይጠይቁ። እህቷ የሄደችው መቼ ነው? ውጤቷ የወረደውስ? እህቷ ከሄደች በኋላ ከሆነ፣ ቲክቶኩ የችግሩ ምንጭ ሳይሆን መደበቂያው ሊሆን ይችላል። ብዙ ልጆች ከፍቷቸው ነው ስልክ ላይ የሚያፈጡት። ከዚያ ማፍጠጡ እንቅልፍ ይነሳቸውና የባሰ ይከፋቸዋል። ሁለቱ እየተመጋገቡ ይሄዳሉ፣ የቱ እንደቀደመ መለየት የሚቻለው ጊዜውን ወደ ኋላ በመቁጠር ነው።

ወደ ጎረቤትዎ ልምጣ። ሱስ ነው፣ ሲወጣላት ይተዋታል የሚለው ሐሳብ ከጫትና ከአረቄ የተወሰደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ፣ ከፈረንጆቹ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው 11ኛው እትም፣ ከልክ ያለፈ የቪዲዮ ጌም ልማድን እንደ ሕመም መዝግቧል። የማኅበራዊ ሚዲያ ሱስ የሚል ሕመም ግን እዚያ ውስጥ የለም። ይህን ስል ቲክቶክ አይጎዳም ማለቴ እንዳይመስልዎ። የአሜሪካ ዋና የጤና ኃላፊ በ2023 ባወጡት ማሳሰቢያ፣ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚያሳልፉ ታዳጊዎች ለድብርትና ለጭንቀት ምልክቶች ያላቸው ተጋላጭነት እጥፍ ነው ተብሏል። እጥፍ ቀላል አይደለም። ግን ቁጥሩ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ነው የሚናገረው፣ አንዱ ሌላውን ወለደ አይልም። ስልክ የተነጠቀ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይነጫነጫል፣ ይቆጣል፣ በር ይወረውራል። ይህ ያለ ነው። ከዚያ እየለዘበ መሄድ አለበት። የእርስዎ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት እየባሰባት ነው፣ ጭራሽ የምትወዳትን እህቷን ማናገር ትታለች። ይህ «እየወጣላት ነው» አያስብልም።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ችግር አለብን። ልጆቻችን «ደበረኝ» ሲሉ ሥራ ፈታሁ፣ ሰለቸኝ ማለታቸው ይመስለናል፣ ብዙ ጊዜም ነው። እና እውነተኛው ድባቴ፣ ድብርት የሚባለው ሕመም፣ ሲመጣም በዚያው ቃል ይመጣና እናልፈዋለን። በታዳጊ ላይ ደግሞ ድባቴ ሁልጊዜ በለቅሶ አይገለጥም። ቁጣ ሆኖ ይመጣል፣ ዝምታ ሆኖ ይመጣል፣ ራስ ምታትና የሆድ ቁርጠት ሆኖ ይመጣል፣ ከዚያ ጨጓራ ነው ተብሎ ወራት ይባክናል። ባለሙያ የሚያየው ይህን ነው፦ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን፣ መከፋት ወይም መነጫነጭ ወይም ድሮ ትወደው የነበረውን ነገር መተው፣ ከዚያ ላይ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ ድካም፣ ትኩረት ማጣት፣ «እኔ ምንም አልረባም» ማለት። ከእነዚህ ስንቱን እንደጻፉልኝ ደብዳቤዎን መልሰው ያንብቡት። በጽሑፍ ብቻ ድባቴ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም፣ ሊሆን ይችላል ብዬ ግን በግልጽ እነግርዎታለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከ7ቱ አንዱ የሆነ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት፣ ስለዚህ በቤትዎ ብቻ የወረደ እርግማን አይደለም።

ዛሬውኑ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ እንዲህ ይበሏት፦ «መኖር የሚያስጠላሽ ጊዜ አለ? ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብዙ ወላጅ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፣ ከጠየቅኳት ሐሳቡን አስገባባታለሁ ብሎ ይፈራል። አያስገባም። መጠየቅ ያስተነፍሳል እንጂ። «አዎ» ካለች አይጩኹባት፣ ኃጢአት ነው ብለው መስበክ አይጀምሩ። ስለነገርሽኝ ጎበዝ ይበሏት፣ ብቻዋን አይተዉአት፣ ቤት ያሉ መድኃኒቶችንና የተባይ ማጥፊያ ኬሚካሎችን ቆልፈው ያስቀምጡ፣ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዘዋት ይሂዱ። ሰኞ እስኪመጣ አይጠብቁ።

ሌላም ነገር አለ፣ ለእናት ጆሮ ይከብዳል፣ ግን ልበለው። ስልኳ ሲወሰድ ያለልክ የምትደነግጥ ልጅ አንዳንዴ የሚያስፈራራት ሰው አለ። ፎቶ ልካ ይሆናል፣ «ካልመለስሽልኝ ለአባትሽ እልከዋለሁ» የሚላት ይኖራል፣ እሷ ደግሞ ስልኩ እናቴ እጅ ነው ብላ ሌሊቱን ስትቃጠል ታድራለች። በእርስዎ ልጅ ላይ ይህ ደርሷል እያልኩ አይደለም። ለመጠየቅ በሩን ክፍት ያድርጉ ነው የምለው። «ስልክሽ ላይ ምንም ይኑር ምን፣ ያስፈራራሽ ሰው ካለ እኔ ከአንቺ ጋ ነኝ፣ አልቆጣሽም» ይበሏት፣ ካሉ በኋላም አይቆጡ። እውነት ሆኖ ከተገኘ መልእክቱን እንዳያጠፉት፣ ማስረጃ ነው። ገንዘብም አይላኩ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማስፈራራት ወንጀል ነው፣ ፖሊስ ጋ ይኬዳል።

አመላለሱ ላይ ደረስን። ከስልኩ በፊት ይቅርታ ይቅደም። አውቃለሁ፣ በእኛ ቤት ወላጅ ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም፣ እኔም አባቴ አንድ ቀን «ተሳስቻለሁ» ሲለኝ አልሰማሁም። ቢሆንም ይሞክሩት። «ልጄ፣ ስልክሽን የወሰድኩት ስለፈራሁልሽ ነው። አወሳሰዴ ግን ልክ አልነበረም፣ ሳላናግርሽ ነው የወሰድኩት» ቢሏት ሥልጣንዎ አይቀንስም። ከዚያ ስልኩን በእጇ ይስጧት። መጀመሪያ የሚመለሰው ሰው ነው፦ መደወያው፣ ከእህቷ ጋር የሚያወሩበት ኢሞም ይሁን ዋትስአፕ፣ የክፍሏ የቴሌግራም ግሩፕ። ቲክቶኩ ለጊዜው ይቆይ። እስከ መቼ እንደሚቆይ ግን ይንገሯት፣ «እስክትሻሻዪ» አይበሏት፣ ማለቂያ የለውም። ሁለት ሳምንት ይበሏት። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ቃልዎን ይጠብቁ።

ቲክቶኩ ሲመለስ መጀመሪያ የሚታየው የልደት ዓመቷ ነው። ይህን ብዙ ወላጅ አያውቀውም። አብዛኞቹ ልጆች አካውንት ሲከፍቱ ዓመታቸውን ጨምረው ይሞላሉ፣ ከዚያ ቲክቶክ የ22 ዓመት ሴት እያስተናገደ ይመስለዋል። በትክክል 15 ከሆነች ግን ከማንም ሰው የግል መልእክት አይመጣላትም፣ ምክንያቱም ከ16 በታች ላሉት ተዘግቷል፣ ከ18 በታች ላሉት ሁሉ ደግሞ የቀን አጠቃቀማቸው 60 ደቂቃ ላይ ሲደርስ ያስቆማቸውና ለመቀጠል የይለፍ ቁጥር ይጠይቃቸዋል። በትክክለኛ ዕድሜዋ አዲስ አካውንት ትክፈት፣ የእርስዎን አካውንት ከእሷ ጋር ማገናኘትም ይቻላል፣ ሰዓቱን ከእርስዎ ስልክ ሆነው ያስተካክላሉ። እንዴት እንደሚደረግ እሷው ታሳይዎት። የምሬን ነው፣ አብራችሁ ብትሠሩት ከምክር ሁሉ ይበልጣል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ማንም የማታውቀው ሰው ግሩፕ ውስጥ እንዳይከታት ቅንብሩን «የማውቃቸው ብቻ» አድርጉት፣ ስልክ ቁጥሯም ለሌላ ሰው እንዳይታይ።

አንድ ሕግ ብቻ ይኑራችሁ ከተባለ እኔ የምመርጠው የሌሊቱን ነው። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። ጠዋት 12 ሰዓት ለትምህርት የምትነሳ ልጅ ማታ ቢዘገይ 4 ሰዓት ላይ መተኛት አለባት። ስለዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የሁሉም ስልክ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይዋል። የሁሉም ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የእርስዎም፣ የአባቷም። እኛ አልጋ ላይ ተጋድመን ስልክ በጣታችን እያሻሸን ልጅን ተኚ ማለት አያስኬድም። ለማንቂያ ነው የሚል ሰበብ ከመጣ የደወል ሰዓት ይገዛል።

ሌላው ሁሉም የሚረሳው ነገር፣ ሴት ልጅ መሆኗን ነው። ወንድ ልጅ ስልክ ሲነጠቅ በር ላይ ይወጣል፣ ኳስ አለ፣ ፑል ቤት አለ፣ የሰፈር ልጅ አለ። ሴት ልጅ ስልክ ስትነጠቅ ወጥ ቤት ትገባለች። ሽንኩርት ልትከትፍ። ብዙ እናቶች ስልክ ከወሰዱ በኋላ «ቢያንስ ቤት ታግዘኛለች» ይሉኛል፣ እና ልጅቷ በጓደኞቿ ፈንታ ያገኘችው ድስት ነው። በስልኩ ቦታ የሚገባ ነገር ካላዘጋጁ ባዶው ቦታ ራሱ ያማል። ደግነቱ ሀዋሳ ለዚህ ምቹ ከተማ ናት። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ሳይክል ይነዳባታል፣ ሴት ልጅም ትነዳለች። ሁለት ጓደኞቿን ቤት ይጥሩላትና ወደ ፍቅር ሐይቅ በእግራቸው ይሂዱ፣ ከመምሸቱ በፊት ይመለሱ። ቅዳሜ ጠዋት ከአባቷ ጋር ታቦርን ይውጡ። መጀመሪያ ላይ አልሄድም ትላለች። ድባቴ ያለበት ሰው ፍላጎቱ እስኪመጣ ቢጠበቅ አይመጣም፣ በትንሹ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው ፍላጎቱ ተከትሎ የሚመጣው። ስለዚህ አንድ ሰዓት አይጠይቋት፣ 15 ደቂቃ ይጠይቋት።

የማይደረጉ ነገሮችም አሉ። በድብቅ መልእክቷን አያንብቡ፣ ከተያዙ ዳግም ምንም አትነግርዎትም። የሚፈትሹ ከሆነ አስቀድመው ነግረዋት ይፈትሹ። ዘመድ ሰብስበው በፊቷ አይክሰሷት። እንቅልፍ እምቢ ስላላት ብለው ከፋርማሲ የእንቅልፍ ክኒን ገዝተው አይስጧት፣ ይህንን አጥብቄ ነው የምለው፣ አንዳንዶቹ እውነተኛ ሱስ የሚያስይዙ ናቸው። ጸሎትም ጸበልም ከሕክምና ጋር አይጣሉም፣ አንዱን ስለያዙ ሌላውን አይተዉ።

ሕክምናው የት ነው ካሉ፣ የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰው ሁሉ አማኑኤልን ያስባል፣ አዲስ አበባ መሄድ ግን አይጠበቅብዎትም። ሀዋሳ ላይ ሁላችንም ሪፈራል የምንለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው። ሲሄዱ ከመቼ ጀምሮ ምን እንደተለወጠ በወረቀት ጽፈው ይያዙ፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ትምህርት፣ የወር አበባ፣ እህቷ የሄደችበት ጊዜ። ባለሙያው ብቻዋን ሊያናግራት ሲፈልግ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ፣ ቅር አይበልዎት። የደም ምርመራም ሊያዝ ይችላል፣ ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም እንዲህ ሊያደርጉ ስለሚችሉ። ቀለል ያለ ከሆነ ሕክምናው በንግግር ይጀመራል። መድኃኒት ቢታዘዝ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል፣ በአምስተኛው ቀን «ምንም አልሠራም» ብለው አያቁሙት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ዓይንዎ ከእሷ ላይ አይነሳ። የባሰ ከመሰለዎት ወዲያው ተመልሰው ይሂዱ።

ዛሬ ማታ እህቷን እርስዎ ይደውሉላትና የሆነውን ሁሉ ይንገሯት፣ ቤሩት ሆና ምን እንደተፈጠረ አታውቅ ይሆናል። ከዚያ የልጅቷን ስልክ ከቆለፉበት አውጥተው ቻርጅ ያድርጉት። እህቷ በእሱ ትደውል። ሲጠራ ለልጅቷ ይስጧትና በሩን ዘግተውላት ይውጡ።